የሩፋኤልን ካብ አፍርሰው በር ለከፈቱልን ሰብሳቢ

ነሐሴ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.
እምቧጮ ሩፋኤል

ለተከበሩ የ«ሞዴል የቱሪስት መንደር» አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? የቢሮዎ ጣሪያ እንደማያፈስ፣ መኪናዎ ከዳባት መገንጠያ ወዲህ ባለው ጭቃ እንደማትያዝ፣ ቤተሰብዎም ከጉንፋን እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኛን ጤና ከጠየቁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም አለን። ስለዚያ አንድ ሰው ከታች እጽፍልዎታለሁ። ለእሱ የሚደረግ ነገር አልፏል። ሁለተኛ ሰው እንዳይጨመርበት ግን እስከ ጳጉሜ 3 ቀን የሩፋኤል በዓል ድረስ ጊዜ አለን፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው።

ሰይፈ ሥላሴ እንግዳው እባላለሁ። ዕድሜዬን በእምቧጮ ሩፋኤል ተማሪ ቤት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የተጻፈ ነገር አይቼ ሳላርም ማለፍ አይሆንልኝም፤ የቆየ ጠባይ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ኮሚቴዎ ያሳተመውና ደባርቅ በየሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው «ሰላማዊቷ እምቧጮ፤ ታሪኳና ጠባይዋ» የተሰኘው ባለቀለም መጽሔት እጄ ሲገባ፣ እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ። ወረቀቱ ግሩም ነው። ፎቶግራፎቹም ጥሩ ናቸው፤ የእኔ በግ ሳይቀር በገጽ አራት ላይ አምሮበት ወጥቷል። ጽሑፉን በተመለከተ ግን ጥቂት እርማቶች ስላሉኝ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ስለ አመሠራረታችን

መጽሔቱ «መንደሯን የቆረቆሯት ጸበል ፍለጋ የመጡ ሁለት ደጋግ ወንድማማቾች ናቸው» ይላል። ለአባቶቻችን ስለሰጧቸው ደግነት እናመሰግናለን። አባቶቻችን ራሳቸው ለልጆቻቸው የነገሩት ግን ሌላ ነው።

ከወገራ በኩል አንድ ሰው ነፍስ አጥፍቶ እየሮጠ መጣና የሩፋኤልን ደወል ደውሎ ተማጸነ። ደወል ደውሎ የተማጸነ ሰው ከቅጥሩ ሳይወጣ አይነካም። የሟቹ ወንድም ጦሩን ይዞ ከኋላው ደረሰና ቅጥሩን ሲያይ ቆመ። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም። ከበላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀምጦ ያ ሰው የሚወጣበትን ቀን ይጠብቅ ጀመር። አንዱ ከውስጥ አልወጣም፣ ሌላው ከውጭ አልሄደም። ክረምት ሲገባ የሚጠብቀው ጎጆ ቀለሰ፤ የሚጠበቀውም ከቅጥሩ ሥር ጎጆ ቀለሰ። ሁለቱም አረሱ፣ ሚስት አገቡ፣ ወለዱ። ዛሬ ላይ ቤትና ታች ቤት የምንባለው ሁለት ወገኖች የእነዚህ ሰዎች ልጆች ነን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ መንደራችን አንድ ሰው ሌላውን ለመግደል ሲጠብቅ የበቀለች መንደር ናት። በአንድ ታቦት እንሳላለን፣ በአንድ መቃብር እንቀበራለን፣ ስንጠባበቅም እንኖራለን። «ጸበል ፍለጋ» የሚለውን በቀይ አስምሬበታለሁ።

2. ስለ ጨዋነታችን

በገጽ ስድስት ላይ እንዲህ ተብሏል፦ «የእምቧጮ ሰው ትሑት ነው። መታጠፊያ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አሰምቶ ያልፋል፤ ይህም ለእንግዳ ያለውን አክብሮት ያሳያል።»

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ስላሳቁኝም አመሰግናለሁ። በእኛ ዘንድ ደም መላሽ ደመኛውን ፊት ለፊት ካየው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። እናቱ፣ እኅቱ፣ ሚስቱ፣ በመቃብር ያለው ሟች ሳይቀር ይጠይቁታል። ካላየው ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ በአንድ መንደር የኖርነው በመተያየት ሳይሆን ባለመተያየት ነው። ጉሮሮ መጥረጋችን «እኔ ነኝ የምመጣው፣ ፊትህን አዙር» ማለት ነው። የሚሰማውም ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አንድ ነገር የጠፋው መስሎ ይቆማል። በእኛ መንደር ሳል የማይለቀው ሰው ዕድሜው ይረዝማል።

እኔም በክፍሌ ይህንኑ ሥርዓት ጠብቄ ነው ያስተማርሁት። የአንዱን ቤት ልጆች ከፊት፣ የሌላውን ከኋላ አስቀምጥ ነበር፤ የሰውን ማጅራት ማየት ማየት አይባልምና። ከኋላ የሚቀመጡት ሰሌዳው አይታየንም እያሉ ሲያማርሩ በየዓመቱ አቀያይራቸው ነበር። የወረዳ ተቆጣጣሪ መጥቶ ለምን እንዲህ እንደማደርግ ሲጠይቀኝ፣ ለዓይናቸው ጤና ነው አልሁት፤ እሱም ደስ አለው።

በዚያው ገጽ ቤቶቻችን ጀርባ ለጀርባ የተሠሩት የስሜንን ተራሮች ለመመልከት ነው ተብሏል። በቅጥሩ ውስጥ ባለው ወይራ ግንድ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም የግንደ ቆርቁር ጎጆ ናቸው ተብሏል። የዚያ ግንደ ቆርቁር ስም ምንሽር ይባላል። ከአንዱ ቀዳዳ አያቴ በካራ ቆፍረው ያወጡትን የጥይት እርሳስ ከፈለጉ ለሙዚየምዎ ልልክልዎ እችላለሁ።

3. ስለ ካቡ

መጽሔቱ ስለ ካቡ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የመንደሯን ገጽታ ያበላሽ የነበረው አሮጌ የድንጋይ ካብ በኮሚቴው ጥረት ተነሥቷል።» ዓረፍተ ነገሩ ምንም ስሕተት የለበትም። ሥራው ላይ ግን አንዳንድ ነገር ልጨምር።

ካቡን ያሠሩት መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባሉ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። በእሳቸው ዘመን በአንድ ተዝካር ላይ ላይ ቤትና ታች ቤት በስሕተት በአንድ ዳስ ተቀመጡ። አንድ ጎረምሳ ጠላ ሲቀዳለት ቀና ቢል የአባቱን ገዳይ አየ። ሽመል ተነሣ፣ ከዚያ ካራ፣ ከዚያም ጠመንጃ። ዳሱ ሲፈርስ ቅጠሉን ከብት አልቀምስም አለ ይላሉ፤ ደም ጠግቦ ነበርና።

በማግሥቱ መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና ሁለቱን ወገን ገዘቱ። ከጉብታው እስከ ቅጥሩ የሚወርደውን መንገድ መካከሉን በካብ እንዲከፍሉት፣ ለቅጥሩም ሁለት በር እንዲያወጡለት፣ ላይ ቤት በሰሜን በር ታች ቤት በደቡብ በር እንዲገባ አዘዙ። ላይ ቤት ጠዋት፣ ታች ቤት ከሰዓት በኋላ እየመጡ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ፣ አንዱ በሌላው ድንጋይ ላይ ድንጋይ እየደረበ ካቡን አቆሙት። ቁመቱ ረጅም ሰው በጣቱ ቢቆም እንኳ ማዶ እንዳያይ ተደርጎ ነው። ከውስጥ ከገባን በኋላ ችግር የለም። ሁሉም ፊቱን ወደ መቅደሱ ያዞራል። ከመቅደስ የሚወጣ ካህንና ዲያቆንም ልብሰ ተክህኖ እስከለበሰ ድረስ የሩፋኤል አገልጋይ እንጂ የማንም ወንድም ተብሎ አይታይም። የሚያስፈራው መንገዱና በሩ ነው።

ይህ ካብ እርቅን የሚተካ ነው አላልንም። እርቅ በእኛ አገር የሟቹ ሙት ዓመት ሳይወጣ አይነሣም፤ ሽማግሌም ደጅ መጥናት አይጀምርም። ካቡ ያንን ዓመት የሚያሻግረን ድልድይ ነበር። ካቡ ቆሞ ሳለ በሩፋኤል መንገድ ላይ ሰው በሰው እጅ ሞቶ አያውቅም። በዓመቱ ሽማግሌ ገብቶ ያደረቀው ደም ግን ብዙ ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ኮሚቴዎ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ባለሙያ ላከልን። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ ካብ ሰውን ይለያያል፣ በር ሰውን ያገናኛል አለን። እኔም ተነሥቼ፣ እኛም የፈራነው መገናኘቱን ነው ብዬ በአክብሮት አስረዳሁ። የእምቧጮ ሰው ቀልድ ያውቃል ብሎ አጨበጨበልኝ። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው እንቢ ሲሉ ደግሞ የልማት እንቅፋት ተባሉ። ካቡ በሁለት ሳምንት ፈረሰ። ድንጋዩ ለቱሪስት መቀመጫና «እንኳን ደህና መጣችሁ» ለሚል አንድ ትልቅ በር ዋለ። የሰሜኑንና የደቡቡን በር በሲሚንቶ ደፍናችሁ ዋልያ ሣላችሁባቸው። ዋልያዎቹ ሁለቱም ያምራሉ፤ ይህን ልደብቅዎ አልችልም።

4. ስለ ሐምሌ ሥላሴ

በዚያን ጊዜ በመንደራችን ያልደረቀ ደም ነበረ። የላይ ቤቱ ያርጋል አባት በመስኖ ውሃ ጠብ የታች ቤቱን የገዱን አጎት ገድሎ ነበር። ገዳዩ በሕመም ስለሞተ ደሙ በልጁ በያርጋል ላይ ነበር። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ሽማግሌ ተልኳል፤ ለመጪው መስከረም የደሙ ማድረቂያ እርቅ ተቀጥሯል። ገዱም ያርጋልም የሚፈልጉት መስከረም እንዲደርስላቸው ብቻ ነበር።

ሐምሌ 7 ቀን ኮሚቴዎ በሩን ለማስመረቅ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ለባንዲራው ምሰሶ የሚሆን ግንድ የሚጠርብ ሰው ቸገረው። የታች ቤቱ ገዱ ጎበዝ ጠራቢ ነው። መጥረቢያውን ይዞ እንዲመጣ በስልክ የጠራው ባለሙያዎ ነው፤ ለሥራ ፈጠራው እናመሰግናለን። ያርጋል ደግሞ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ የሰሜኑ በር ዋልያ ስለሆነበት፣ በአዲሱ በር ይመጣ ነበር። ከበሩ ሳይደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። ከጎኑ የነበሩት ሦስት ጊዜ ጠረገ ይላሉ። ይሁን እንጂ የምረቃው ድምፅ ማጉያ በሙሉ ኃይሉ ስለ ሰላምና አንድነት ይዘፍን ስለነበር ከማዶ የሚመጣው ገዱ አልሰማም።

በሩ ሥር ፊት ለፊት ተያዩ።

የመጥረቢያው የመጀመሪያ ምት ከያርጋል አንገትና ከትከሻው መጋጠሚያ ላይ አረፈ። ሁለተኛው መንጋጭላውን ወሰደው። ስደርስ ያርጋል በጉልበቱ ነበር፤ ጋቢዬን ጠቅልዬ ቁስሉ ላይ ብጫነውም ደሙ በጣቶቼ መካከል እየሞቀ ወጣ፤ ሊናገር ሲሞክር ከአፉ ሳይሆን ከጎን ይተነፍስ ነበር። ዘፈኑን እንኳ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም። ገዱ መጥረቢያውን እንደያዘ ቆሞ ሁላችንንም ያየን ነበር። ተማሪዬ ስለነበረ ቀና ብዬ አየሁት። እንደ ልጅነቱ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረና «ምን ላርግ ጋሼ፣ አየሁት» አለኝ። ከዚያ መጥረቢያውን ጥሎ በገደሉ ወረደ። ዛሬ ከዛሪማ በታች ባለው ቆላ ነው ይባላል።

ምረቃው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ኮሚቴዎ በሦስተኛው ቀን ሁለት ጣሳ ነጭ ቀለም ላከልን፤ ፈጥኖ መድረሱን ሁላችንም አድንቀናል። ነገር ግን ክረምት ስለሆነ ቀለሙ አልያዘም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሥሩ ቡናማው ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎችም በጎን እየዞሩ ነው የሚያልፉት።

5. ስለ ዲያቆን ማዕረግ

ከዚህ በኋላ ያለው ሰውየው ገና በሕይወት ስላለ፣ እባክዎ በጥንቃቄ ያንብቡት።

ገዳይ ከሸሸ ደሙ በቅርብ ወንድሙ ላይ ይሆናል። የገዱ ወንድም ማዕረግ የደብራችን ዲያቆን ነው። የያርጋል ደም መላሽ ደግሞ ወንድሙ አለነ ነው። ሁለቱም ያስተማርኋቸው ናቸው። አለነ ሒሳብ ላይ ደካማ ነበር። ማዕረግ ከፊቱ እየተቀመጠ መልሱን ከወንበሩ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፍለት እንደነበር አውቅ ነበር፤ ዝም ያልኋቸው፣ ሌላ የሚነጋገሩበት መንገድ ስላልነበራቸው ነው።

የሟቹ እናት ወይዘሮ ሸዋነሽ ከለቅሶው በኋላ ለአለነ እንጀራ በሞሰብ ማቅረብ ትተዋል። በአርባው ዕለት ዘመድ በተሰበሰበበት እንዝርትና ባዘቶ አምጥተው ከፊቱ አስቀመጡና «ወንዱን ቀበርሁት። አንተ እንግዲህ ከሴቶቹ ጋር ፍተል» አሉት። አንድም ሰው አልሳቀም። አለነ እንዝርቱን አንሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጠጉሩን አልተላጨም፤ ክላሹንም ትከሻው ላይ አንግቶ ነው የሚያርሰው።

ማዕረግን ጎንደር ዘመድ ዘንድ ሂድ፣ ሙት ዓመቱ ወጥቶ ሽማግሌ እስኪገባ አትታይ አልሁት። ሰማኝና ፈገግ አለ። «እኔ ብሄድ ተራው የአባቴ ነው ጋሼ» አለኝ፤ «እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መሮጥ አይችሉም።» ቀጥሎም የሩፋኤልን በዓል ያለ እሱ የሚቀድስ ሁለተኛ ዲያቆን በደብሩ እንደሌለ አስታወሰኝ። ሲነጋ ወደ ቅዳሴ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው፤ ሲያበቃ ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ የሚወጣውም በአንድ በር ነው። ሌላ የለንም፤ ሌሎቹ ዋልያ ሆነዋል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የለመነኝ ግን ማዕረግ እንዳይመስልዎ። አለነ ነው።

ባለፈው እሑድ ወደ ቤቴ መጣ። ክላሹን ከበር አስደግፎ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት። ስለ ዝናቡ መለሰልኝ። ከዚያ መንገዱን እንዴት እየዞረ እንደሚሄድ ይነግረኝ ጀመር፤ ማዕረግ ያለፈበትን እየጠየቀ በሌላው እንደሚሄድ፣ ገበያ መሄድ እንደተወ፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር ፊቱን ከአጥር እንደሚለጥፍ፣ ሳል ሳይይዘው እየሳለ ጉሮሮው እንደቆሰለ። ድምፁም በእውነት ጎርንኖ ነበር። ጳጉሜ ላይ ግን ምእመን ሁሉ በአንድ በር ሲወጣ ፊቴን የት ላዙረው አለኝ።

«ጋሼ፣ ካላየሁት አልገድለውም» አለኝ። «ካየሁት ግን የማዝበት እኔ አይደለሁም። ለሰዎቹ ጻፍላቸው። ካቡን ይመልሱልኝ።»

ባለሙያዎ ካብ ሰውን ይለያያል ብሎ ነበር። እኔ ግን በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አንድ ሰው ሌላውን ሰው እንዲህ አድርጎ ሲወድ አይቼ አላውቅም።

6. ስለ እጅ መጨባበጡ

ይህን ሁሉ ያልሰማ መስሎ የኮሚቴዎ የጳጉሜ 3 መርሐ ግብር ትናንት ደረሰን። ታቦቱ ከቅጥሩ ሲወጣ፣ በአዲሱ በር ሥር፣ በእንግዶችና በካሜራ ፊት፣ «የላይ ቤትና የታች ቤት ተወካዮች እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ» ይላል። የላይ ቤት ተወካይ አለነ፣ የታች ቤት ተወካይ ዲያቆን ማዕረግ ተብለው በስም ተጠቅሰዋል። ለምርጫው ትክክለኛነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከመንደሩ ሕዝብ ሁሉ መካከል ሊተያዩ የማይገባቸውን ሁለት ሰዎች ለይቶ ለማውጣት የሽማግሌ ሸንጎ እንኳ እንዲህ አይሳካለትም ነበር።

ሙት ዓመት ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ካሳ ሳይቆረጥ፣ ገዳይ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች እናት እግር ሳይወድቅ የተጨበጠ እጅ እርቅ አይደለም። ያ እጅ ለእናቲቱ የሁለተኛ ልጃቸው ሞት ነው። አለነ እጁን ቢዘረጋ እንዝርቱን እስኪሞት ይሸከማል፤ ባይዘረጋ የሚዘረጋው ሌላ ነገር ነው። ታቦት በወጣበት፣ ሕፃናት በተሰበሰቡበት፣ ሁለቱም ወገን መሣሪያ በያዘበት የተተኮሰ አንድ ጥይት ደግሞ በአንድ ሰው እንደማያበቃ፣ በመምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ዘመን ከነበረው ዳስ ቅጠል መማር ይቻላል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከጳጉሜ 3 በፊት ካቡን እንድንመልስ ይፈቀድልን። ጉልበትም ድንጋይም ከእናንተ አንጠይቅም፤ መቀመጫዎቹን ብቻ እናፈርሳለን፤ ላይ ቤት ጠዋት ይመጣል፣ ታች ቤት ከሰዓት። የተደፈኑትንም በሮች እንከፍታለን፤ ዋልያዎቹን በተቻለ መጠን ከአንገታቸው በላይ እንተዋቸዋለን። ሁለተኛ፣ እጅ መጨባበጡ ይቅር። ለእንግዶቹ የሚታይ ነገር ካስፈለገ፣ አንድ ሙሉ መንደር ጉሮሮውን እየጠረገ በሁለት በር በሰላም ሲገባ ያሳዩአቸው። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር አያገኙም።

ቃሌን በዚህ ስዘጋ፣ የተሰጥዎ ሹመት እንዲሰፋ፣ በእርስዎ ትጋት የሚሠሩት በሮች ሁሉ ሰው ከማይኖርበት ቦታ እንዲሆኑ፣ ዓመቱም ለእርስዎና ለእኛ በየበራችን እንዲገባልን እየተመኘሁ፣ መጽሔትዎን ካረመ በኋላ ቀይ ቀለሙ ያለቀበት አክባሪዎ ነኝ።

ሰይፈ ሥላሴ እንግዳው
ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ አዲስ ነገር ስለተፈጠረ ልጨምርልዎ እገደዳለሁ። አለነ ደብዳቤው እስኪደርስዎ መጠበቅ አቅቶት ከትናንት በስቲያ ብቻውን ወጣና ከቱሪስት መቀመጫዎ ድንጋይ እያነሣ ካቡን ይክብ ጀመር። ክላሹን ከድንጋዩ ሥር አስቀምጦ ነበር። ጉልበቱ ድረስ እንዳቆመው የጥበቃ ሰዎችዎ ደርሰው «የቱሪስት ሀብት በማውደም» ይዘው ደባርቅ ጣቢያ አስገቡት። ዛሬ ስንቅ ይዤ ሄጄ አየሁት። ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁበትም። እንቅልፍ ጠግቦ እንደተኛ ነገረኝ፤ መስኮቱ ወደ ግቢው ግንብ ስለሚያይ ከግንብ በቀር የሚታየው ነገር የለም። ማዕረግም ይህን ሲሰማ ለአለነ ቀዳሚ ሰላምታውን ልኳል፤ በሰው በኩል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያቀረብሁትን ምስጋና ሁሉ እንደፈለጉ ይተርጉሙት፤ ይህኛው ግን ከልብ ነው። ኮሚቴዎ ሳያስበው አንድ ሰው አድኗል። ነገር ግን መርሐ ግብሩ እንዳይጓደል በራስዎ ዋስትና ሊያስፈቱትና በመኪናዎ አሳፍረው ለጳጉሜ 3 ሊያመጡት እንዳሰቡ ሰማሁ። ተንበርክኬ እለምንዎታለሁ፣ ይተዉት፤ ይታሰር። ሽማግሌዎቹ እንዳስታውስዎ ያዘዙኝም አለ፤ በእኛ ሥርዓት ሙት ዓመት ሳይወጣ ደመኛን ከደመኛው ፊት በእጁ ያቀረበ ሰው፣ ደም ከፈሰሰ፣ ከደሙ ሦስተኛ ሆኖ ይቆጠራል፤ የሟችም ወገን የገዳይም ወገን ይፈልገዋል። ካስፈቱት ግን በበሩ ሥር ቦታዎ በሁለቱ መካከል ነው። በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ስለማይቀር ሌላው ሰው ጃንጥላ ይዘው እንዲመጡ ይመክርዎታል፤ እኔ የምመክርዎ የንስሐ አባትዎን ይዘው እንዲመጡ ነው።